የተለቀመው ገብስ

እኔ ቁጭ ማለት አይሆንልኝም። እናቴ «የዚችን ልጅ እጅ ማን አስሮ በያዘልኝ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ይህን ለመጻፍ ከተቀመጥሁ ወዲህ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነስቻለሁ፤ አንዴ በሩን ልዘጋ፣ አንዴ መልሼ ልከፍት፣ አንዴ ደግሞ ለምን እንደሆነ ራሴም አላውቅም። የምጽፈው ስለ ወንድሜ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ሊቅ ነበር» ብዬ አልፋለሁ። ሊቅነቱ እውነት ነው። ከመቀመጫዬ የሚያስነሳኝ ግን እኔ በእሱ ላይ የሠራሁት ሥራ ነው።

ቤታችን ከጊዮርጊስ ቁልቁል፣ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር። ጣራው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጓሮው ግን ሰፊ ነበር። ወንድሜ በልጅነቱ ከአንድ ፈረንጅ መምህር ጋር ባሕር ተሻግሮ ሄዶ፣ ጢም አውጥቶ ተመለሰ። እንደ እሱ ውጭ አገር ከርመው የመጡት ባርኔጣና ከዘራ ይዘው አራዳን ሽቅብ ቁልቁል ሲሉባት፣ ከእሱ ሻንጣ የወጣው በትንንሽ ፖስታ የታሸገ ዘር፣ አንድ አጉሊ መነጽርና የደብተር ቁልል ነበር። እኔም በዚያው ሰሞን ባሌን ፈትቼ ነበርና ቤቱን ያዝሁለት። ጠዋት ጠዋት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይተረጉማል፤ ከሰዓት በኋላ ጓሮ ገብቶ ገብስ ላይ ያጎነብሳል።

ምን እንደሚፈልግ ለእኔ ለማስረዳት ብዙ ደክሟል። ልጅ አባቱን ትቶ አያቱን የሚመስለው ስለ ምን እንደሆነ ማወቅ ነበር ፍላጎቱ። በሰው ላይ ልጠብቅ ቢሉ ዕድሜ አይበቃም፤ ገብስ ግን በየዓመቱ ይወልዳል። ስለዚህ ጥቁሩን ገብስ ከነጩ ያዳቅላል። አበባው ሳይከፈት፣ እኛ እሾህ በምናወጣበት ወረንጦ ወንዴውን ነቅሎ፣ ከሌላው ዛላ ብናኝ አምጥቶ ያስነካዋል፤ ከዚያ በቀጭን ወረቀት ሸፍኖ በክር ያስረዋል። በመጀመሪያው ዓመት የተወለዱት ሁሉ ጥቁር ሆኑ።

«አየሽ፣ ነጩ የጠፋ ይመስላል» አለኝ። «አልጠፋም። ተደብቆ ነው። እነዚህን መልሰሽ ዝሪያቸው፤ በልጅ ልጆቹ መካከል ይመጣልሻል።»

በሚቀጥለው ዓመት መጣ። ከጥቁሮቹ መካከል ነጭ ዛላ ብቅ ብሎ ሳይ ያወጣሁት ጩኸት ጎረቤቱን ሁሉ አስወጣ፤ ሌባ የገባብን መስሏቸው ዱላ የያዙም ነበሩ። በየአገዳው ላይ ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ስለምናንጠለጥል የሰፈሩ ሰው ወንድሜን «ለገብስ ክታብ የሚያስረው ደብተራ» ይለው ነበር። እሱ ይስቃል። ወረቀቶቹን እንድጽፍለት ብሎ ፊደል አስቆጠረኝ፤ ትልቅ ሴት ሆኜ ሀ ሁ አልሁ። ከጥቂት ወር በኋላ ጽሕፈቴ ከእሱ ጽሕፈት የሚሻል ሆነ፤ ይህንንም እየደጋገምሁ አስታውሰው ነበር።

አንድ ዓመት የእናታችን አገር ገብስ በዋግ አለቀ። ዋግ የገባበት ቅጠል እንደ ዛገ ቆርቆሮ ይሆናል፤ ሲነኩት እጅ ላይ ቀይ ዱቄት ይቀራል፤ ፍሬው ሳይሞላ ይደርቃል። የአንድ ሽማግሌ ማሳ ብቻ ሳይነካ መትረፉን ወንድሜ ከአገራችን ሰው ሰማ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቀምጠው! ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ወስዶ፣ በቅሎ ተከራይቶ ሄደና ከሽማግሌው ጎተራ ሁለት ስልቻ ገብስ ይዞ ተመለሰ። ገብሱ ጉራማይሌ ነበር፤ ነጭ አለበት፣ ጥቁር አለበት፣ ቀጫጫ አለበት፣ ሆዱ ላይ ወይን ጠጅ መስመር ያለውም አለበት።

«ከእነዚህ መካከል ዋግ የማይደፍረው አንድ አለ» አለኝ። «የትኛው እንደሆነ አላውቅም። እሱን ካገኘሁና ብዙ ከሚያፈራው ነጭ ጋር ካዳቀልሁት ግን፣ በዋግ ምክንያት ጾሙን የሚያድር ቤት አይኖርም።»

 የኖረው ለዚህ ነው ብል አላጋነንሁም።

ወዲያው መሥሪያ ቤቱ ለጥቂት ሳምንት ወደ ድሬዳዋ ላከው። ባቡር ሊሳፈር ሲወጣ «ገብሱን በትንንሽ ከረጢት እያደረግሽ ስፊልኝ» አለኝ፤ «ግማሹን ለመምህሬ ባሕር ማዶ እልከዋለሁ፤ ግማሹን በሰኔ እንዘራዋለን።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። በእኛ ዘንድ ሳይለቀም ወደ ሰው ቤት የሚሄድ እህል አለ? ጠጠሩ ያልወጣ፣ ጥቁርና ነጩ ያልተለየ እህል ተልኮ ቢገኝ ስሙ የሚነሳው ወንዱ አይደለም፤ የቤቱ ሴት ናት። ያውም ባሕር ማዶ! የመምህሩ ሚስት ገብሱን ሰፌድ ላይ ዘርግፋ «በዚያ አገር ሴት የለም እንዴ?» ስትል ታየኝ። ፈረንጅ ሰፌድ ይኑረው አይኑረው አላሰብሁም።

ከአጥር ማዶ ያለችውን የወሎ ጎረቤቴን ጠራሁ። ባሏ በርበሬና ጨው የሚሸጥ ሙስሊም ነጋዴ ነው፤ እሷ ደግሞ በሰፈሩ ከእኔ ሌላ እህል መልቀም የሚያውቅ ሰው ካለ እሷ ናት። ሦስት ቀን ሙሉ ለቀምን። እያንዳንዷን ፍሬ አየናት። ቀጫጫውን አወጣን፣ ጥቁሩን አወጣን፣ መስመር ያለውን አወጣን። የቀረው አንድ መልክ፣ አንድ ቁመት ያለው ነጭ ገብስ ሆነ። የወጣውን ለዶሮዎቼ በተንሁላቸው። ያን ቀን በሥራዬ እንዴት እንደኮራሁ ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይግላል።

በሳምንቱ ከድሬዳዋ ደብዳቤ መጣ። እኔው ራሴ አነበብሁት።

«የሽማግሌው ቤት ከነጎተራው መቃጠሉን ባቡር ላይ ያገኘሁት የአገራችን ሰው ነገረኝ» ይላል። «ከእንግዲህ ያ ገብስ ያለው እኛ ቤት ብቻ ነው። አንዲት ፍሬ እንዳትጠፋ። ይልቁንም ቀጫጫዎቹና ጥቁሮቹ፤ እኔ የምጠረጥረው ከእነሱ አንዱን ነው።»

ማንበብ ባላስተማረኝ ኖሮ ብዬ የተመኘሁት ያን ቀን ነው። ጓሮ ወጥቼ በእጄና በጉልበቴ ተንበርክኬ አፈሩን ጫርሁት፤ ዶሮዎቹም አብረውኝ ጫሩ። አንዲት ፍሬ የለም። እብደቴ ቢብስ አንዷን ዶሮ ይዤ፣ ሴት ሆኜ፣ ወንድ ሳልጠራ በገዛ እጄ አረድኋትና ሆዷን ከፈትሁ። የገብሱ ልጣጭ ብቻ ነበር። የሁዳዴ ጾም ስለነበር ሥጋዋን ለውሻ ሰጠሁ። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ሆና ሁሉንም አየች።

«አንቺ ልጅ፣ ንገሪው» አለችኝ። «ወላሂ፣ ወንድምሽ እኮ ነው። ይቆጣል፣ ይወጣለታል። እኔም አብሬ ለቅሜያለሁ፣ አብሬሽ እቆማለሁ።»

«እሺ» አልኋት።

ቅዳሜ ግን እግሬ ወደ ጊዮርጊስ፣ ወደ አራዳ ገበያ ወሰደኝ። ከእህል ተራ ጥቁር ገብስ ገዛሁ፤ ከሌላዋ ሴት ቀጫጫ ገዛሁ። «ምነው ቆንጆውን ትተሽ ይህን?» ብትለኝ «ለጠላ ነው» አልኋት። ወይን ጠጅ መስመር ያለውን ከተራ ተራ እየዞርሁ ፈለግሁት፤ አጣሁት። ያገኘሁትን ከነጩ ጋር ደባልቄ፣ ከረጢቶቹን ሰፍቼ፣ በላያቸው ላይ የእናታችንን አገር ስም በዚያ ባማረ ጽሕፈቴ ጻፍሁበት።

ወንድሜ ተመልሶ አንዱን ከረጢት ፈታ፤ እፍኝ ሞልቶ ዘግኖ በብርሃን አየው። እኔ በር ላይ ቆሜ አየዋለሁ። ግንባሬን ሳመኝ።

«በአንቺ እጅ ስለነበረ አልሰጋሁም» አለኝ።

ግማሹን ለመምህሩ ላከ፤ የቀረውን በሰኔ ዘራነው። ነሐሴ ላይ ዋግ ወደ እኛ ሰፈር መጣ። ወንድሜ ሲጠብቀው የነበረው እሱን ነበርና ደስ አለው፤ አሁን የማይነካው ይለያል ብሎ። ጭቃው ላይ በሆዱ ተኝቶ ቅጠል በቅጠል በመነጽሩ አየ። የመጀመሪያው ረድፍ ዛገ። ሁለተኛው ዛገ። በየጠዋቱ ቢሮ ሳይሄድ ይወጣል፣ ከቢሮ ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ ይወጣል። ጳጉሜን ላይ ሁሉም ዛገ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ውስጥ የማይቀመጡ ሁለት ሰዎች ሆንን። እሱ ከመስኮት እስከ በር ይመላለሳል፤ እኔ ምድጃው ዘንድ የታጠበውን መልሼ አጥባለሁ። ገብሱ በዋግ ላይ ያለውን ጉልበት ከወላጁ ይወርሳል የሚለው ሐሳቤ ስህተት ነው ብሎ ለመምህሩ ጻፈ፤ ሽማግሌውን ያተረፈው ዘሩ ሳይሆን ዕድል ነው፣ ወይ ነፋሱ ነው፣ ወይ የማሳው አቀማመጥ ነው አለ። ምግብ ሳቀርብለት ይነካካውና ይገፋዋል። አንድ ቀን «ያ ነጩ ተመልሶ መጣ ያልሁትም ምናልባት ሌላ ዘር ተቀላቅሎብኝ ይሆናል» አለ። እኔ ጎን ለጎኑ ሆኜ ዛላ በዛላ የቆጠርሁትን፣ ከአፌ ጩኸት ያወጣልኝን ነገር! ልናገር አፌን ከፈትሁ፤ «በርበሬው አነሰ?» ብዬ ዘጋሁት።

በጥቅምት የአገዳዎቹን ወረቀቶች ሁሉ ነቅሎ ጣለ። በቆላ በኩል ባለ ኬላ ሥራ እንዲሰጡት ማመልከቻ አስገባ።  ነገ እነግረዋለሁ እላለሁ፣ ሲነጋ ደግሞ ፊቱን አይቼ እፈራለሁ። ፈሪ ነኝ ብዬ አላውቅም ነበር።

አንድ ከሰዓት ጨው ልገዛ ወደ ጎረቤቴ ባል ሱቅ ሄድሁ። ወንድሜ ቆሟል። ሳጥኑ ላይ ደብተሮቹ ተቆልለዋል፤ ሁሉም። በዚያን ጊዜ ነጋዴዎች በርበሬና ቅመም የሚጠቀልሉት በአሮጌ ወረቀት ነበርና፣ ለመጠቅለያ እንዲሆን ሊሰጠው አምጥቶት ነው። የመጀመሪያው ደብተር ተቀድዶ በአንዱ ቅጠል ውስጥ በርበሬ ገብቷል። የእኔ ጽሕፈት ይታያል።

«ጋሼ፣ አትስጠው» አልሁ።

«ለምን? ከንቱ ወረቀት ነው።»

«ከንቱ አይደለም። ለቅሜው ነው።»

አልገባውም። ጎረቤቴ ከመጋረጃው ኋላ ወጥታ አጠገቤ ቆመች። ያኔ ሁሉንም ነገርሁት፤ ሦስቱን ቀን፣ ዶሮዎቹን፣ ደብዳቤውን፣ የአራዳን ገበያ፣ ጥቁሩን የገዛሁበትን ተራ ሳይቀር። በአንድ ትንፋሽ ነው የነገርሁት። ስጨርስ ወንድሜ ሳቀ። እውነተኛ ሳቅ ነበር፤ በዚያ ዓመት ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«እንግዲያው አልተሳሳትሁም!» አለ ለነጋዴው። «ሰማህ? የሞተው የአራዳ ገብስ ነው! እኔ አልተሳሳትሁም!»

ነጋዴው እንኳን ደስ አለህ ይበል ወይ ያጽናናው ቸግሮት በእጁ ያለውን በርበሬ እንደያዘ ቆመ። የወንድሜ ሳቅ ግን በመሃል ቆመ። ወደ እኔ ዞረ።

«መቼ ነበር የለቀምሽው?»

«በጾሙ።»

በጣቱ ወር መቁጠር ጀመረ። መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት እያለ ጥቅምት ላይ ሲደርስ እጁን አወረደ። በርበሬ የተጠቀለለበትን ቅጠል ፈትቶ፣ አራግፎ፣ ደብተሩ ውስጥ መልሶ፣ ቁልሉን አቅፎ ወጣ።

ቤት ስደርስ አንዱ ደብተር ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል፤ ብዕርና ቀለም ከጎኑ አለ። «የሠራሽውን ጻፊ» አለኝ። ጻፍሁ። አንድም አላስቀረሁም። አነበበው፤ ከእኔ ጽሕፈት በታች በፈረንጅ ፊደል ጥቂት መስመር ጽፎ ዘጋው። ለመምህሩም የዚያኑ ቀን ደብዳቤ አሰናዳ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ውሃ፣ ስለ እንጨት፣ ስለ እንግዳ ካልሆነ በቀር አላነጋገረኝም። አልሰደበኝም፣ ከቤት አላወጣኝም። እንደዚያ ከሚሆን ቢያወጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የኬላውን ማመልከቻ ሰረዘ። በበጋ በበጋው በቅሎ ጭኖ ይሄዳል፤ የዚያ ገብስ ወንድም የሆነ ዘር አንድ ቦታ ይገኛል ብሎ ነው። ከአገር ቤት የሚመጡ ሰዎች ወሬ ያመጡልኛል። «ምን ነክቶት ነው ወንድምሽ? አውድማ ሲደርስ ወንዶቹን ትቶ ሰፌድ የያዙት ሴቶች መካከል ይቀመጣል። ምን ጣላችሁ፣ ለምን ጣላችሁ እያለ ሲጠይቅ ይውላል» ይሉኛል። ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። የእኔን ኃጢአት በየአገሩ እየዞረ የሚያውጅ፣ እኔን ለመቅጣት የሚያደርገው መሰለኝ። ይህን በልቤ ይዤ ስድስት ዓመት ኖርሁ። ስንቴ ላስታርቅ ብላ ጎረቤቴ መጣች፤ እሱም «ምን ተጣልተን?» ይላታል፣ እኔም «ምን ተጣልተን?» እላታለሁ።

በስድስተኛው ዓመት ከቆላ መንገድ ንዳድ ይዞት ገባ። አራት ቀን ተኛ። ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ ስይዝለት ዓይኑን ገልጦ አየኝና ውሃ ለመነኝ። ሰጠሁት። ሌላ አልተናገረም፤ እኔም የምናገረውን ሳሰናዳ አረፈ። ጊዮርጊስ ቀበርነው። የሚፈልገውን ገብስ አላገኘም፤ ጓዳው ግን ከየአገሩ ባመጣው የዘር ከረጢት ሞልቶ ነበር፤ እያንዳንዱ ከረጢት ላይም የሰጠችው ሴት የነገረችው ቃል ተጽፏል።

ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ ወጣት በሬን አንኳኳ። እርሻ ተምሮ ከውጭ የመጣ፣ ሥርዓት ያለው ልጅ ነው። የወንድሜ መምህር ተማሪዎቹን ሲያስተምር ስለ አራዳው ሰው ደጋግሞ ያነሳ እንደነበር ነገረኝ፤ እዚያ እህል ለመሰብሰብ የሚወጡ ሰዎች ዛሬ የሚሄዱት እሱ በጀመረው መንገድ ነው አለኝ። ደብተሮቹን ለማየት ፈቃድ ጠየቀ። አወጣሁለት። ገጽ ሲገልጥ ሲገልጥ ቆየና አንዱ ጋ ቆመ። የትኛው እንደሆነ ከሩቅ አወቅሁት።

«ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ከታች ያለውን አንብበውታል?»

«የፈረንጅ ፊደል ነው። ያስተማረኝ የእኛን ብቻ ነው።»

ወጣቱ እያቆመ ወደ አማርኛ መለሰልኝ፦

«ከላይ ያለውን የጻፈችው እህቴ ናት። ሁሉም እውነት ነው። የመጀመሪያው ስህተት ግን የእኔ ነው። ሁለት ሴቶች ሦስት ቀን ሙሉ ያን ገብስ ፍሬ በፍሬ በዓይናቸው ለይተውታል፤ እኔ ያን ለመለየት በመነጽር ዓመት ይፈጅብኛል። ከዛሬ ጀምሮ በየደረስሁበት አስቀድሜ የምጠይቀው የምትለቅመዋን ሴት ነው። እህቴን ልጠይቃት ይገባኛል፤ ምን ምን እንደጣለች የምታውቅ እሷ ናት። አሁን ግን ስለተቆጣሁ አልችልም። ሲበርድልኝ እጠይቃታለሁ።»

ተነሣሁ። እስከ በሩ ሄድሁ፣ ተመለስሁ። ወጣቱ ያለቀስሁ መስሎት አንገቱን ደፋ። እኔ ግን ተናድጄ ነበር፤ በሞተ ሰው ላይ እንዴት እንደሚናደዱ የማያውቅ አይፍረድብኝ። ባሕር ማዶ ላለ ሰው በሚነበብ ፊደል ይቅር ብሎኝ፣ በአንድ ጣራ ሥር ከእኔ ጋር ስድስት ዓመት ስለ እንጨትና ስለ ውሃ ብቻ አወራ።

«እትዬ» አለ ወጣቱ ቀስ ብሎ፣ «ያስታውሱታል? የጣሉትን?»

ደብተሩን ባዶ ገጽ ላይ ከፍቶ ብዕሩን አዘጋጀ። ቁጭ አልሁና ነገርሁት። ጥቁሩ አጭር፣ ጫፉ የደነዘ ነበር። ቀጫጫው ሁለት ዓይነት ነበር፤ አንዱ በጥርስ ሲሰብሩት የሚንኮሻኮሽ፣ አንዱ ለስላሳ። ወይን ጠጅ መስመር ያለው መስመሩ ከሆዱ ወደ ጫፉ ይሄዳል፣ ከመቶ ፍሬ አንድ ቢገኝ ነው፣ ልጣጩም ከፍሬው በቀላሉ አይላቀቅም፤ ጎረቤቴ «ይህስ እንደ ባሌ ችክ ያለ ነው» ብላ ስቃበታለች። ፍሬ በፍሬ ነገርሁት። ወጣቱ እጁ እስኪዝል ጻፈ። አንድም የረሳሁት አልነበረም። ወንድሜ አንድ ቀን፣ ውሃ ሲለምነኝ እንኳ፣ ቢጠይቀኝ ኖሮ እነግረው ነበር፤ ሳይጠይቀኝም ልነግረው እችል ነበር።